ባርኔጣ ያጣው ፊደል

ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ በዌልስ ዝናብ ሥር፣
ኤሊነድ ስም ቀረጸች ለሰው መቃብር።
ጥቁር ሰሌዳ ድንጋይ፣ መሮና መዶሻ፣
ከጧቱ መጀመሪያ እስከ ቀን መጨረሻ።
ፊደሏ ቀጥ ያለ፣ አንገት የማይደፋ፣
ከመሥመር የማይወጣ፣ የማይጠብ፣ የማይሰፋ።
ሐዘንተኛ መጥቶ በጣቱ ሲዳስስ
አንድ እንከን አይነካ ጀምሮ እስኪጨርስ።

ከዕለታት አንድ ቀን አንጓዋ አበጠ፤
መዶሻ ስታነሣ ክንዷ ተንቀጠቀጠ።
ቤት ዋለች። ሰለቻት። ምድጃ ለኮሰች።
አጃ ከማር ጋራ ለውሳ ጋገረች።
ለሰው እንዳይመስልህ፣ ለውሻ ነው ብስኩቱ፤
ቀረጭ ቀረጭ የሚል፣ ቅርጹም እንደ አጥንቱ።
የጎረቤት ውሾች አጥር ሲዘልሉ
«መሸጥማ አለበት» ሰዎች ሁሉ አሉ።

የእኅቷ ልጅ ቲዲር ላፕቶፑን ይዞ መጣ፤
የፊደል ዓይነት ሁሉ ከሣጥኑ አወጣ፦
አንዱ እንደ ሳሙና አረፋ ያበጠ፣
አንዱ ሐረግ ሆኖ አጥር የጨበጠ፣
አንዱ ዶሮ ጭሮ የተወው መስሎ፣
አንዱ ክር ነው፣ ቢነኩት ሊተረተር ቶሎ።
«ይሄ ሽቶ ይሸታል፤ ይሄኛው ያዛጋል፤
ይሄ ለሠርግ ካርድ እንጂ ለውሻ ይከብዳል፤
ይሄን ያነበበ ሰው መነጽር ይገዛል።»

በመጨረሻ አንዱን አየችና ሳቀች፤
ጉልበቷን እየመታች ወንበሯን ነቀነቀች።
«የሰከረ ጥንዚዛ» ይባላል ፊደሉ፤
እግሩ ውልግድግድ ነው፣ ጅራታም ነው ሁሉ፤
አንዱ ሆዱን ገፍቶ አንዱን ይደገፋል፣
ከመሥመሩ ወርዶ አንዱ ያንቀላፋል።
አራት ፓውንድ ከፈለች፤ ስድሳ መለያ ታዘዘ፤
ካርቶኑ ሲከፈት ግን ልቧ ቀዘቀዘ።

ውሾችን በዌልስ ሲጠሩ «ኩን» ይላሉ፤
(በግዕዝ «ሁን!» ነው፤ የኛ ሰዎች ያውቃሉ።)
የመካከል ፊደሉ ባርኔጣ ይደፋል፤
ያለዚያች ባርኔጣ ድምፁ ይጠፋል።
የጥንዚዛው ሠሪ ባርኔጣ አልሠራለት፤
በፊደሉ ቦታ ባዶ ሣጥን ቆመበት።
ስድሳ ባዶ ሣጥን፣ ስድሳ የተዘጋ በር፤
እኛም እናውቀዋለን ያን የሣጥን ነገር፣
በባዕድ መሣሪያ ስማችን ሲጻፍ ግጥም ብሎ ሲቀር።

ቲዲር ደነገጠ፤ «እንመልሰው» አለ፤
እሷ ግን ዝም አለች፤ ዓይኗ ካንዱ ዋለ።
«በድንጋይ ቢሆን» አለች፣ «በድንጋይ ብሳሳት
ድንጋዩ ይጣላል፤ ደሞዝ ነው የወራት።
ወረቀት ግን ቸር ነው፤ ይለማመጡታል።
ያ ቀይ እስክሪብቶ የት ነው? እሱ ይበቃናል።»

በታመመ አንጓዋ፣ በሚንቀጠቀጠው፣
በየሣጥኑ ውስጥ ፊደሉን ተከለችው።
ባናቱም ላይ ባርኔጣ ደፋች ለያንዳንዱ፦
የገበሬ ቆብ አንዱ፣ የዳኛ ነው አንዱ፣
አንዱ ነፋስ ወስዶት ሲርቅ ከመንገዱ፤
አንዱ ደግሞ ጭራሽ የውሻ ጆሮ ሆነ፤
የእጇም መንቀጥቀጥ ለቀልዱ ታመነ።

ረቡዕ ገበያ ልጆች ተሻሙበት፤
ብስኩቱን ረስተው፣ «ያ ቆቡ የጠመመበት!»
«ለኔ ያ የዳኛው!» «ለኔ ነፋስ የወሰደበት!»
ውሻ የሌለው ሁሉ ገዝቶ ሄደ ለቤት።

ሲመሽ፣ ድንኳን ሲፈታ፣ ግዊንቮር መጣ፣
ሽማግሌ በግ አርቢ፣ ቃል ካፉ የማይወጣ።
መለያውን ባውራ ጣቱ ሲያሸው ቆየና
«ውሻዬ ሞተብኝ» አለ፣ አቀረቀረና።
«ሱን ነበረ ስሙ፤ ትርጉሙም ጫጫታ፤
ዐሥራ አራት ዓመት ጮኸ፤ አሁን ግን ዝምታ።
መሮ እንደ ሰቀልሽ ሰምቻለሁ ሁሉን፤
በዚህ ሰካራም ፊደል ቅረጪልኝ ሱን።
ቀጥ ያለው አይሆነው፤ በሕይወቱ ሙሉ
አንድ ቀን ቀጥ ብሎ አልሄደም በውሉ።»

ሦስት ፊደል፣ አንድ ቆብ። ሦስት ሳምንት ወሰደ፤
አንጓዋ በበረዶ፣ ግራዋ እየለመደ።
መሮዋ ሲዘፍን፣ አንጓዋ ሲታመም፣
ድንጋይ ጅራት ቆላ፤ ጀመረ መሽኮርመም።
ቆቡን ጥልቅ አድርጋ ወደ ቀኝ አዘመመች፤
ጎንበስ ብላ አየችው፤ አቧራውን እፍ አለች።

አሁን ከበጎቹ በረት፣ ከበሩ ዳር፣
ድንጋዩ ጋደም ብሏል ሱን ባለበት አፈር።
ዝናቡ ሲጥልማ (መቼስ አያውቅም ትቶ)
ቆቡ ውሃ ይይዛል ካፍ እስካፉ ሞልቶ፤
የጎረቤት ቡችላ ባጥሩ ይሾልክና
የሱንን ባርኔጣ ይልሳል እንደገና።